አሥረኛው ፈራሚ

ዳንግላ ውስጥ ፖሊሶች በጋሪ ነው የወሰዱኝ። ባለጋሪው የሰፈሬ ሰው ስለሆነ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞረም። የእስር ክፍሉ በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ገብቼ ቀና ስል ጣውላ ቤት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰጋቱራው ከጠጉሩ ላይ ገና አልረገፈም።

«እርስዎንም አመጡዎት?» አለና ፊቱን አዞረ።

አልፈረድሁበትም። ሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብዬ ወጣቶቹን በየተራ ያናገርሁ እኔ ነኝ። መጋዙ ቀኝ አውራ ጣቴን ሲወስደው የጣውላ ቤቱ ባለቤት «ዓይንህ ደክሟል» ብሎ ዘበኛ አደረገኝ። ለወጣቶቹ ግን ጓንት እንኳ አልገዛም። ሕጉ አሥር ሰው ይላል አሉን። ዘጠኝ ሞላን፤ እኔም ፊደል ስለማልቆጥር በግራ ጣቴ ፈረምሁ። አሥረኛው ይህ ልጅ ነው። «እናቴ በኔ ነው የምትኖር» እያለ ሲያመነታ በር ላይ አቁሜ ለምኜ አስፈረምሁት። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ሁለታችንን አሳሰረን።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሲገባ ታላቅ ሳይጠብቅ ጥጉን ይዞ ብቻውን በላ።

ረፋድ ላይ መርማሪው ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ መጣ። ለልጁ አነበበለት፦ «ሽማግሌው አታልሎኝ ነው፤ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ» ይላል። ከፈረመ በዕለቱ ቤቱ ይገባል፤ እኛ ደግሞ ዘጠኝ እንሆናለን፤ ማኅበሩ ቀረ ማለት ነው።

«ምን ይላሉ አያ?» አለኝ ልጁ።

ሁለተኛ መለመን አፈርሁ። «የናትህን ነገር አንተ ታውቃለህ። ብትፈርም አልቀየምህም።»

መርማሪው ደስ አለው። «ለእርስዎም አለኝ። ወጣቶቹን አታልያለሁ የሚል ነው። ቀኝ አውራ ጣት!»

ጉማጁን ዘረጋሁለት። «ጣውላ ቤት ሂድና ከመጋዙ ሥር ፈልገው።»

«ግራውን ያምጡ!»

«ግራው ማኅበሩ ላይ ፈርሟል። አንድ ጣት ሁለት ቃል አይናገርም።»

ልጁን ሳቅ አመለጠው። ለዚያች ሳቅ ሁለት ጥፊ ቀመሰ። ከዚያ ጉንጩን እያሻሸ ወረቀቱን መለሰለት።

«ያታለለኝ የለም» አለ።

ምሳ ሲገባ ጆጉን አንስቶ ቆመ። እጄን አስታጠበኝ፤ ጉማጁ ላይ ሲደርስ ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። እኔ ሳልጀምር አልቆረሰም።

ስንፈታ ሁለታችንንም ከሥራ አባረሩን። ማኅበሩ ግን ተቋቋመ፤ ጓንትም መጣ። እናቱ ገበያ ላይ ስታገኘኝ እስከ ዛሬ ሰላም ትለኛለች፤ እጇን ግን አትሰጠኝም። እውነት አላት።

እሱ አሁን ጫግኒ እህል ይጭናል። በቀደም ደወለ፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አያ፣ እዚህም ስምንት ሆነናል!»

«ለቀሩት ሁለቱ ንገራቸው» አልሁት። «እንዳትለምናቸው።»