የበረዶ ፋብሪካው ሙቅ ውሃ

ላንቻ አጠገብ በነበረ አንድ የበረዶ ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን ነው።

ማሽናችን አሮጌ ነበር፤ በረዶ የሚሠራው በእሳት ነው። ቦይለሩ አሞኒያ የተቀላቀለበትን ውሃ ያፈላል። አሞኒያው በጋዝ መልክ ተለይቶ ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ በሚወርድበት ቱቦ ውስጥ አልፎ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ተመልሶ ጋዝ ሲሆን፣ በረዶ የሚሆነው ውሃ የተሞላባቸውን ቆርቆሮዎች ሙቀት ይወስዳል። ቱቦውን ያቀዘቀዘው ውሃ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ግቢው ጥግ ወዳለው ታንከር ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ሽማግሌው መካኒካችን ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ይመጡና ከታንከሩ ሙቅ ውሃ ይቀዳሉ። እኔም ለእናቴ እወስድላት ነበር። ጉልበቷን ያማታል። እግሯን ነክራ የምትቀመጥባትን ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃታለች።

ጥር ሲገባ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ።

«ይሄ ፋብሪካ ነው የሕዝብ መታጠቢያ?» አለና የታንከሩን ቧንቧ አስቆለፈው።

ያን ቅዳሜ ቤት ስገባ እናቴ ሳፋውን አቅርባ ጠበቀችኝ። «ዛሬ የለም» አልኳት። ሳፋውን ራሷ መለሰችው።

በሳምንቱ ውስጥ በረዶው ተበላሸ። ላዩ ጠንካራ ነው፤ ሲፈለጥ ግን ሆዱ ውሃ ነው። ወሩ የሰርግ ወር ስለሆነ ደጃፉ በደንበኛ ጩኸት ተሞላ። መካኒኩ አሞኒያውንም ቦይለሩንም አዩ፤ ሁሉም ደህና ነው። እኔ በታንከሩ በኩል ሳልፍ እጄን አስጠጋሁና ቶሎ አነሳሁት። እንደዚያ ግሎ አያውቅም። ሴቶቹ በቀዱ ቁጥር የጎደለውን የከተማው ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላው ነበር። አሁን የሚቀዳ የለም፤ ያው ትኩስ ውሃ ነው የሚመላለሰው፤ ቱቦውን ማቀዝቀዝ አቅቶታል።

ለመካኒኩ ነገርኳቸው። ታንከሩን ነኩና እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ዘመን ማሽኑን የማቀዘቅዘው እኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሴቶቹ ናቸው! ሂጂ ንገሪው።»

አለቃ ፊት ቆሜ ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም። ገባሁ።

«ሴቶቹ ይቅዱ» አልኩት።

«ደግሞ ለምን?»

«በረዶው እንዲረጋ።»

መካኒኩ ከኋላዬ ሆነው አስረዱት። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ይዞ ራሱ ወጣ፤ በዚያው ዕለት ሴቶቹ ተጠሩ። ከፊት የመጣችው የወሎዋ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ምላሷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«ወይ ጉድ! ባለፈው ሌባ ነበርን፣ ዛሬ ሠራተኛ ሆንን? ደሞዛችንስ?»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ቅዱ!»

«እንግዲያው ይቺን ያዝልኝ የኔ ጌታ፤ ወገቤን ያመኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እንዳሰረ ጄሪካኗን ተሸክሞ እስከ በር ሸኛት። ግቢው በእልልታ ተናጋ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በማግስቱ የተፈለጠው በረዶ እስከ ሆዱ ድረስ ጠንክሮ ተገኘ።

ቧንቧው በተከፈተበት ቀን ማታ ለእናቴ ሳፋዋን ሞልቼላት ነበር። እግሯን ነከረችና ብድግ አደረገችው።

«ምነው ልጄ፣ ልትቀቅይኝ ነው?»

«ሳምንት ሙሉ ተቆልፎበት ነው» አልኳትና ቀዝቃዛ ጨመርኩላት።