ጤና ረዳቱና ያልተጠጣው ውሃ

አምስት ብርጭቆ ውሃ በትሪ ቀርቦ ማንም እጁን አልሰደደም።

ግንቦት ነበር። ገና ረፋዱ ላይ ከቦዩ ማዶ የሚመጣው ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። አምስቱ ሽማግሌዎች መንደሩን በእግራቸው አቋርጠው መጥተው በጁባራ ግቢ፣ በዳሱ ጥላ ሥር፣ በገመድ አልጋዎቹ ላይ ተደርድረዋል። ላቡ ከጥምጥማቸው ሥር እየወረደ ጢማቸው ውስጥ ይገባል። ውሃውን ያዩታል፤ አይነኩትም።

በኡም ሰነጥ መንደር ሽማግሌ ለልመና ከመጣ፣ የለመነው ሳይሰጠው የባለቤቱን ውሃ አይቀምስም። እሺ ከተባለ ይጠጣል። እሺ ካልተባለ እንደተጠማ ይቀመጣል። ሽማግሌን አስጠምቶ የመለሰ ሰው ደግሞ ስሙ በቦዩ ዳር ባሉ መንደሮች ሁሉ እንደ ሌባ ይነሳል።

"ጠጡ እንጂ" አለ ጁባራ፣ መልሱን እያወቀ።

"እንጠጣለን" አለ የልመናው መሪ፣ የመንደሩ ሹም ኡምዳ ነዒም። "ቃልህን ስጠን እንጂ ጋኑን እንገለብጥልሃለን። እሁድ ወደ ከተማ አትሂድ። ክሱን ተወው። ልጅ ነው፣ ተሳሳተ፣ አለቀ።"

"ልጁስ የታለ?"

"በር ላይ፣ መኪናው ውስጥ ነው። አንተ እሺ ስትል ገብቶ ግንባርህን ይስማል።"

"ሞተሩ ይሰማኛል።"

"ሙቀት ነዋ፣ ሐኪም! ማቀዝቀዣውን ያጥፋው?"

"እናንተን አይሞቃችሁም?" አለ ጁባራ።

ጁባራ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሰሜን ሰው፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። በኡም ሰነጥ ጤና ኬላ በጤና ረዳትነት ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጊንጥ የነደፈው፣ ወባ ያንቀጠቀጠው፣ ማጭድ የቆረጠው፣ ምጥ የጠናባት፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሱን በር ነው። መንደሩ "ሐኪም" ይለዋል፤ እሱ ግን በስሙ ሰክሮ አያውቅም። የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይኖራል። ቁስል ይሰፋል፣ እባጭ ይከፍታል፤ ሆድ ግን አይነካም። "ሆድ የዶክተር ነው" ይላል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽተኛ ከአንድ ወረቀት ጋር ወደ ከተማው ሆስፒታል ይልካል። ወረቀቱን የሚጽፈው በካርቦን ነው፤ ዋናው ይሄዳል፣ ቅጂው እሱ ጋ ይቀራል። ጤና ረዳቶቹን ያስተማሯቸው ሰውዬ "ዶክተር ሲጽፍ ይታመናል፣ እናንተ ስትጽፉ ትጠየቃላችሁ" ይሏቸው ነበርና ልማዱ ከዚያ የተረፈ ነው።

ከስምንት ሳምንት በፊት አርፋ የምትባል የሁለት ልጆች እናት በወንድሟ በደፈላ ተደግፋ መጣች። ጁባራ ሆዷን በቀኝ በኩል፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ዳሰሰው። ሲጫነው ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ እጁን ድንገት ሲያነሳ ግን ጮኸች።

"ማስታገሻ ውጋትና ትረፍ!" አለ ደፈላ።

"አልወጋም። ሕመሙን ካደነዘዝኩት ዶክተሩ ሲዳስሳት ምልክቱን ያጣዋል።"

ጩኸቷን እየሰማ ጻፈ፦ "ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፤ ሳይፈነዳ አይቀርም፤ በአስቸኳይ ይታይልኝ።" ሰዓቱን ጨመረ። የጭነት መኪናውን ሾፌር አስፈረመና ከወንድሟ ጋር ላካት።

በሆስፒታሉ ተረኛ የነበረው ዶክተር ሙንተሲር ነው፤ የዚሁ መንደር ልጅ፣ የኡምዳ ነዒም የወንድም ልጅ። ወረቀቱን ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። "ጤና ረዳት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሆድ ውስጥ ማየት የጀመረው?" አለና ሳቁ። ለሆድ መነፋት የሚሆን ሽሮፕ ሰጥቶ መለሳት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ጁባራ አዝኖ ዝም ባለ ነበር። ሰው ይሳሳታል፤ እሱም ተሳስቶ ያውቃል። ዶክተሩ ግን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በሐዘን ድንኳኑ ውስጥ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ "እዚህ የወጓት መርፌ ነው የጨረሳት፤ ወረቀት የሚባልም አልደረሰኝ" አለ። በማግስቱ ጠዋት ደፈላ በበሽተኞቹ ሰልፍ መሀል ሰንጥቆ ገብቶ ጁባራን በጥፊ መታው፤ ነጭ ጋውኑንም ከአንገት እስከ ኪስ ተረተረው። መርፌ ለምኖ የተከለከለው ራሱ ደፈላ ነው። ሳቁንም በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ግን የዶክተር ቃል ከራሱ ትዝታ በለጠበት።

ጁባራ መልሶ አልመታም። ሰልፉን እስከ መጨረሻው ሰው አከመ። ከዚያ ቅጂውን አውጥቶ ለክፍለ ሀገሩ አጣሪ ኮሚቴ ክስ ጻፈ። ሚስቱ በቱል ጋውኑን ልትሰፋው ስትነሳ ከለከላት። እንደተቀደደ አጥቦ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በየማለዳው ያየዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱ ደግሞ በመርሳት እንኳ እንዳይጠረጠር ፈልጓል። እነሆ ኮሚቴው እሁድ ሊቀመጥ ነው፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ኡምዳ ነዒም ብልህ ሰው ነው። ከአምስቱ መሀል ሐጂ ጋድከሪምን ያመጣው ያለ ነገር አይደለም። ጁባራ አዲስ በመጣ ጊዜ መንደሩ "እንግዳ ሰው ሴቶቻችንን አይነካም" ብሎ ደጁን ዘግቶበት ነበር። ሐጂ ጋድከሪም ናቸው የገዛ ሚስታቸውን እጇን ይዘው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ወደ ጤና ኬላው ያስገቡት። አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

"ልጄ" አሉ ሽማግሌው፣ "ያን ቀን ማን ነበር የቆመልህ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።"

"ታዲያ?"

"ሌላ ነገር ይጠይቁኝ። ዓይኔን ይጠይቁኝ።"

"ዓይንህ ምን ይሠራልኛል? የራሴም ሁለቱ አልጠቀሙኝ።"

ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። ጁባራ አንገቱን ደፋ እንጂ እሺ አላለም።

ቀትር ሆነ። ሰገዱ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። የኡምዳው ከንፈር ነጭ ቅርፊት አወጣ። ጁባራ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያንን ቅርፊት ያያል፤ ሲያየውም አንጀቱ ይርሳል። ድንኳን ውስጥ ስሜ ሲጠፋ ይህ አፍ ዝም ብሎ ነበር፤ ይድረቅ፤ ይሰንጠቅ፣ አለ በልቡ።

ዓይኑ ወደ ሐጂ ጋድከሪም ሲዞር ግን እዚያው ቀረ። የአራቱ ፊት በላብ ያበራል፤ የሐጂ ግንባር ደረቅ ነው። ጣቶቻቸው የጀለቢያቸውን ጠርዝ እየለቀሙ ይፈትላሉ።

"ቦዩን ከፈቱት እንዴ?" አሉ ለማንም ሳይሆን። "ጥጡን ውሃ ሊበላው ነው።"

ጥጥ ከተለቀመ ሁለት ወር አልፎታል። የደም ግፊታቸውን ክኒን የሚሰጣቸው ራሱ ጁባራ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ ያሸናል። ተነስቶ የእጃቸውን ሥር ያዘ፤ ምቱ ቀጭንና ጥድፊያ ነው። ብርጭቆ አንስቶ ወደ አፋቸው አስጠጋ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ከንፈራቸውን ገጠሙ።

"እሺ... አላልክም።"

"ኡምዳ፣ ይጠጡ በላቸው! ይሞታሉ!"

ኡምዳ ነዒም ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ጁባራን አየ። "በአንተ እጅ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ቃል ናት። በላትና ይጠጣሉ።"

ጁባራ በሕይወቱ ሰውን እንደዚያች ቅጽበት ጠልቶ አያውቅም። ቃሏ ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። ግቢውን ከጤና ኬላው የሚለየውን በር በርግዶ ገባና በደም ሥር የሚሰጥ የሳላይን ውሃ፣ መርፌና ቱቦ ይዞ ወጣ።

ኡምዳው በበኩሉ ወደ መኪናው ጮሆ ኖሮ ዶክተር ሙንተሲር እየሮጠ ገባ። ከማቀዝቀዣው ስለወጣ ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም።

"አንሷቸው! ወደ ሆስፒታል እንውሰዳቸው!"

"የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው" አለ ጁባራ። "አርፋም በሱ መንገድ ነው የሄደችው።"

ዶክተሩ መርፌውን ከእጁ ነጥቆ ተንበረከከ። የሐጂ ሥሮች ከመድረቃቸው የተነሳ ቆዳ ሥር ገብተው ጠፍተዋል። ወጋ፤ ሳተ። ሁለተኛ ወጋ፤ ያም ሳተ። ጁባራ ከፊተኛው መውጋት በኋላ ሊያስቆመው ይችል ነበር፤ ሥሩ የት እንዳለ በዓይኑ አግኝቶታል። አላስቆመውም። አራቱ ሽማግሌዎች በደንብ እንዲያዩ ፈለገ። የሽማግሌው ክንድ ላይ ያለችው ያቺ ሁለተኛ ቀዳዳ የዶክተሩ ሳትሆን የእሱ መሆኗን ልቡ ያውቃል።

"ተነስ" አለ ከዚያ።

በአውራ ጣታቸው ሥር፣ የእጅ አንጓው ጎን ላይ፣ በአንድ ጊዜ ገባ። ደሙ ቱቦው ውስጥ ብቅ ሲል ከኋላው የቆመችው በቱል እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጁባራ የሳላይኑን ከረጢት ለዶክተሩ ሰጠው።

"ያዝ። ከፍ አድርገው።"

ከምሰሶው ላይ፣ ከዶክተሩ ራስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሚስማር አለ። በቱል "ሚስማር..." ልትል አፏን ከፈተች። ጁባራ አያት። ዘጋችው።

ዶክተር ሙንተሲር ቆመ። ጁባራ በእርጥብ ጨርቅ የሽማግሌውን አንገትና ብብት እያቀዘቀዘ፣ የእጃቸውን ምት እየቆጠረ፣ በየመሀሉ ቀና ሳይል "ዝቅ አለ" ይላል። ዶክተሩ ከፍ ያደርጋል። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጅ ለወጠ። ላቡ አሁን መጣ፤ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣበቀው። ለምሳ ሰዓት ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች በበሩ ቆመው ያያሉ።

"ጎሽ ረዳት!" አለ አንዱ ከውጭ፤ ሳቁን ያፈነ ሰው ድምፅ ነበር።

ከረጢቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሐጂ ጋድከሪም ዓይናቸውን ገለጡ። ይህን ጊዜ ኡምዳ ነዒም ብድግ አለ።

"አልሐምዱሊላህ! ነገሩም አለቀ። በአንተ ቤት፣ በአንተ እጅ፣ ውሃ ሽማግሌያችን ውስጥ ገብቷል። ጠጡ ማለት ነው። ከጠጡ ደግሞ እሺ ብለሃል!"

"እኔ እሺ አላልኩም።"

"ውሃው ገብቷል እያልኩህ! በአፍ ገባ በክንድ፣ ምን ለየው?"

የቀሩት ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ኧረ እውነት ነው" አለ፤ ሌላኛው "ጾመኛ ቢሆኑስ ኖሮ፣ መርፌ ጾም ያስፈታል?" ብሎ ክርክር ሊጀምር ሲል ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ ወጣ።

"ነዒም፣ ና እስቲ።" ሐጂ ምላሳቸውን አወጡ። "ንካው። የጫማ ሶል ሆኗል። የጠጣ ሰው ምላስ ነው ይሄ?"

"ሐጂ፣ እኔ ለነገሩ ብዬ..."

"ስሞት ልታየኝ ነበር። ለነገሩ ብለህ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ጁባራ፣ እሺ ብለሃል?"

ጁባራ ጨርቁን አስቀመጠ። ከእኚህ ሰው ፊት ነው መናገር ያለበት።

"አላልኩም፣ አባቴ። አልልምም።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ብርጭቆዎቹ መለሱ። "እንግዲህ ሽምግልናዬ አለቀ። ለምኜ አላገኘሁም። አሁን በሽተኛ ነኝ። በሽተኛ ውሃ ይከለከላል እዚህ ቤት?"

ጁባራ ራሳቸውን ደግፎ አጠጣቸው፤ በትንሽ በትንሹ፣ እያሳረፈ። ሌሎቹ አራት ብርጭቆዎች እንደሞሉ ቀሩ። ኡምዳ ነዒም ሰላምታም ሳይሰጥ ወጣ፤ ሦስቱ ተከተሉት።

ዶክተሩ ክንዱን እያሸ ወደኋላ ቀረት አለ። "አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩልህ፣ ጁባራ።"

"ለሐጂ ነው የቆምከው።"

"እሁድ ምን ልትል ነው?"

"የጻፍኩትን አነባለሁ።"

እሁድ አነበበ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። "አንተ ጤና ረዳት ነህ፤ ትርፍ አንጀት መሆኑን በምን አወቅህ?" አሉት። "አላወቅሁም፤ ጠረጠርኩ። የማውቅ ብሆን አልልካትም ነበር" አላቸው። ሾፌሩ መስክሮ ፊርማውን አሳየ። ዶክተር ሙንተሲር ለሁለት ዓመት ከሥራ ታገደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሳሽ የሚጨምረው ነገር እንዳለ ሲጠይቀው ጁባራ ስምንት ሳምንት ሲያላምጠው የከረመውን ስድብ ሁሉ ተወና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ውሸቱ መንደር ውስጥ ስለተነገረ ውሳኔውም መንደር ውስጥ ይነበብልኝ።

በገበያ ቀን አንድ ጸሐፊ ከከተማ መጣ። የሐዘኑ ድንኳን ተተክሎበት በነበረው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውሳኔውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበ። "ሟቿ በጤና ኬላው ምንም ዓይነት መርፌ አልተወጋችም" የሚለው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ጁባራ ዞረ። ደፈላ መሬት መሬት ያያል። የኡምዳው ቤት በር ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የመንደሩ እኩሌታ ሰላምታ እንደሚነፍገው ጁባራ ያውቅ ነበር፤ የሽማግሌ ልመና የመለሰ ሰው ነው። አልገደደውም።

ጸሐፊው ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

"ድገመው" አለ ጁባራ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

ጸሐፊው አንገቱን አስግጎ አየ። ከኋላ አንድ የታሰረ አህያ እንጂ ማንም የለም።

"ሰምተዋል እኮ፣ ወንድሜ።"

"ድገመው።"

ሰውየው ፀሐዩን አየ፣ የጁባራን ፊት አየ፤ ወረቀቱን ገልጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።