በብሎግ ያሻሻጥኩት አጎበር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሥራ መጀመሬን አላወቅሁም ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ ቻርጅ የማደርግባትና የሞባይል ካርድ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። በገላባት በኩል የሚገቡ የጎንደር ልጆች ወደ ሰሊጥ እርሻ ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸውን እኔ ዘንድ ይሰኩና እስኪሞላ ድረስ በጥያቄ ያደርቁኛል። ቦቲ እዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ? ውሃ አለ? ኔትወርክ እስከ የት ይይዛል? ያንኑ መልስ በቀን ሃያ ጊዜ ከምደግም ብዬ ቁጭ አልኩና በስልኬ ጻፍኩት፤ ነፃ ብሎግ ከፍቼም ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ «ግባና አንብብ» እለዋለሁ። ስንፍና ነው ያስጀመረኝ፤ አላፍርበትም።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ መተማ ሆነው አንብበውኝ የሚመጡ ልጆች አጋጠሙኝ።

ከብሎግ ገንዘብ እንደሚገኝ የነገረኝ ከሰላ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ በጽሑፍሽ ታስተዋውቂያለሽ፣ ሊንክ ታስቀምጫለሽ፣ አንባቢው በዚያ ገብቶ ከገዛ ኮሚሽን ይደርስሻል አለኝ። ይኼማ ድለላ ነው አልኩት። ድለላ ነው፣ ግን ተቀምጠሽ ነው አለኝ። አንድ ትልቅ የውጭ አገር የኢንተርኔት መደብር ላይ ተመዘገብኩና ስለ ባትሪና ስለ ፓወር ባንክ እያሳመርኩ ጻፍኩ። መደብሩ ወደ ገዳሪፍ ዕቃ እንደማይልክ ለመረዳት ስምንት ወር ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የገዛው አንድ ሰው ነው፤ ሪያድ ያለች የአንድ አንባቢዬ እህት፣ የፀጉር ማድረቂያ። የእሷ ኮሚሽን ለመከፈል ስላነሰ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል።

ከዚያ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ገዳሪፍ ያረጁ ነጋዴ ናቸው፤ ቦቲ፣ ሸራ፣ ባትሪ፣ አጎበር ይሸጣሉ። ገዢው የእኔን ጽሑፍ በስልኩ ካሳየዎት የእኔን ድርሻ ያስቀምጡልኝ አልኳቸው። ፈረንጆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው ወይ ብለው ሳቁና ተስማሙ። ይህኛው ሠራ። የሱቁን ኪራይ ከፍዬ፣ ጎንደር ከእናቴ ጋር ለምታድገው ልጄ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የምልከው ከዚሁ ሆነ። ልጆቹም «ሰምሳሯ» ይሉኝ ጀመር፤ በሱዳን አፍ ደላላዋ ማለት ነው።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት የመቀመጥ ይመስላል። ጠዋት ገበያ ዞሬ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ የተለወጠውን አስተካክላለሁ፣ ለአስተያየቶች መልስ እሰጣለሁ። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ኔትወርኩ ለቀናት ሲጠፋ ጽሑፉን በየስልኩ በብሉቱዝ አስተላልፌ አውቃለሁ። በሊንክ የጀመርኩት ሥራ በእጅ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ሐጂ አዲስ አጎበር አስመጡ፤ እዚህ ናሙሲያ ነው የሚባለው። ረከስ ያለ ነው፣ ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ነፋስ ያስገባል። በዚህኛው ድርሻሽ እጥፍ ነው አሉኝ። ወሰድኩና ግቢዬ ውስጥ አልጋዬ ላይ ወጠርኩት። ሁለት ሌሊት ተኛሁበት፤ አንድም ትንኝ አልነካኝም። «ራሴ ሞክሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። በዚያ ክረምት እንደ አጎበሩ የተሸጠ ዕቃ አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ ከወራት በኋላ ደሳለኝ የሚባል የአርማጭሆ ልጅ ከመፋዛ እርሻዎች በኩል ታሞ መጥቶ ሆስፒታል ገባ። ጓደኛው ወደ ሱቄ መጥቶ ሊያይሽ ይፈልጋል አለኝ። ስሄድ ፊቱ አልቋል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ካላዛር ነው ተብሏል።

«እህቴ፣ ወላሂ ያልሽውን ናሙሲያ ሳልወጥር ያደርኩበት ቀን የለም» አለኝ። አልተቆጣኝም። ያጎደለው ነገር ካለ እንድነግረው ብቻ ነበር የፈለገው።

ነርሷን ጠየቅኳት። በሽታውን የምታመጣው ከትንኝ በጣም የምታንስ ዝንብ ናት፣ በዋልካው አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች፣ በሰፊ ቀዳዳ ታልፋለች አለችኝ። እሱን የትና መቼ እንደነከሰችው ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለች። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። አልተጽናናሁም። እኔ አጎበሩን የሞከርኩት ከተማ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ግቢ ነው፤ ያቺ ዝንብ በሌለችበት። አፈርኩ።

ልጽፈው መሆኔን ለሐጂ አስቀድሜ ነገርኳቸው። አዲሱ ክረምት እየቀረበ ነበር፣ መጋዘናቸውም በዚያው አጎበር ሞልቷል።

«ልጄ ራህመት፣ ያለው ይለቅ። ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ» አሉኝ።

«የሚገዙት እኮ እኔን አምነው ነው፣ ሐጂ።»

«እኔ ሞክሬዋለሁ በይ አላልኩሽም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያንገበገበኝም እሱ ነው። ጻፍኩት፤ የት እንደሞከርኩት፣ ስንት ድርሻ እንደነበረኝ፣ ማን እንደታመመ። ሐጂ ውላችን ከላስ አሉ፤ አበቃ። አንባቢዎቼ ሰደቡኝ፣ ስንት በላሽበት ያሉኝም ነበሩ። ወደ ቻርጅና ካርድ ተመለስኩ፤ ለእናቴም ዘንድሮ የትምህርት ቤቱን መላክ አልችልም ብዬ ደወልኩ። ልጄ አንድ መንፈቅ ቤት ዋለች። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከፋኛል።

ደሳለኝ ብዙ መርፌ ተወግቶ ዳነ። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ስልኩን ሰካ። ስድቡን ስጠብቅ፣ «ዘንድሮስ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ።

«እኔን ነው የምትጠይቀው?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ሦስት ዓይነት አጎበር ይዤ በጭነት መኪና መፋዛ አጠገብ ወዳለ እርሻ ሄድኩ። ምግብ ከሚያበስሉት ሴቶች ጋር በዋልካው ላይ ስምንት ሌሊት አደርኩ። ስመለስ ያየሁትን ጽፌ፣ ከመለጠፌ በፊት ለነርሷ አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ አረመችኝ። ደሳለኝ በጣም ጥቅጥቅ ያለውን ገዛ። ይሞቃል ብዬ ነግሬዋለሁ።

ያንን አንብቦ ለሚገዛ ሰው ሌሎች ነጋዴዎች ድርሻዬን ስለሚያስቀምጡልኝ፣ ዛሬ ኪራዬን የሚከፍለው በአብዛኛው ያ ጽሑፍ ነው፤ በየዓመቱ እርሻ ወርጄ አድሳለሁ። ልጄም ትምህርቷን ቀጥላለች። ሐጂም ከሁለት ዓመት በኋላ ዕቃ ከማስመጣታቸው በፊት እየደወሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

በዚህ ሥራ መኖር ለምትፈልጉ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ሞክሬዋለሁ ብላችሁ ስትጽፉ የት እንደሞከራችሁት ጨምሩ። ገዢው የሚያድርበት ቦታ ካላደራችሁ ግን አልሞከራችሁትም።