የዓርብ ማታው ኮከስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ዕቃ ስደረድር ስልኬ ጮኸ። የገበያችን ነጋዴዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚናገረው ከኋላው እንደሚያባርሩት ሰው እየተጣደፈ ነው። «ዳዳ፣ ኬሾ ማታ ኮከስ አለን። ነገ ነው፣ እንዳትቀሪ እሺ እህቴ!» አለና ዘጋው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ደንበኛ የሽሮ ዋጋ ስትጠይቀኝ እንኳ አልሰማኋትም። ሰው ከሰው ይቀያየማል፤ ከቃል ጋር የተቀያየመ ግን ከእኔ ሌላ ሰው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ፎርም ፎር፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ፣ ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ከናይሮቢ የሚመጣው አስፋልት ሞያሌ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። የአውቶቡሱ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል፣ አቧራው ግን ገና አልለቀቀንም። የአባቴ ሱቅ በኬንያ በኩል፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ የሚመጣ ቡና ይሸጥበታል። አባቴ የደጋ ሰው ነው፤ በዘጠናዎቹ ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ሰፈር አልፎ ነው እዚህ የደረሰው። የሱቁን ቦታ በቆርቆሮ ሲያጥር ዙሪያው እሾህ ብቻ እንደነበር ሲያወራ አይሰለቸውም። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሐበሻ ሁሉ ሽታውን ተከትሎ እኛ ጋ ይመጣል። «በርበሬ የሚሸጠው በአፍንጫ ነው» ይል ነበር።

ታዲያ በዚያ ዓመት አዲስ የገበያ አዳራሽ ተሠራና የቆርቆሮ ሱቆቹ ይፍረሱ ተባለ። ማን መንገድ ዳር፣ ማን ከኋላ እንደሚገባ የሚለየው የነጋዴዎቹ ማኅበር ነው። ቅዳሜ ባራዛ ተጠራ። ባራዛ ማለት ሁሉም ወጥቶ የሚናገርበት የአደባባይ ስብሰባ ነው፤ አባቴም ከኬንያ ነገር ሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱን ነበር። «ሰው በፀሐይ የሚናገርበት አገር አይጠፋም» ይላል። የመንገድ ዳሩ ቦታ ካመለጠው ሱቁ እንደማይቆም ስለሚያውቅ ሳምንቱን ሙሉ ንግግሩን ሲያሰማምር ሰነበተ። ስዋሂሊው ከመገበያያ ስለማያልፍ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳን መጣ። አዳን ከአጠገባችን ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከማዶ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ፒላው ለሚባለው የሥጋ ሩዝ ቅመም ሊገዛ ነበር የመጣው።

«ጋሽ በቀለ፣ ዛሬ ማታ ሊቀመንበሩ ቤት ኮከስ አለ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

«ደግሞ እሱ ምንድን ነው?» አለና አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

ፎርም ፎር የጨረሰ ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። «ከዋናው ስብሰባ በፊት የአንድ ወገን ሰዎች ለብቻቸው የሚያደርጉት ትንሽ ስብሰባ ነው» አልኩት፣ ከመዝገበ ቃላት ላይ እንዳጠናሁት።

«ታዲያ እኔ የማን ወገን ነኝ?»

አዳን ሳቀ። «የነጋዴ ወገን ነህዋ! ፍየል ታርዷል፣ ፒላው አለ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ነበር።

«ጾም ይዣለሁ አዳንዬ።»

«አትብላ! ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ።»

«የእናንተን ባለ ወተቱን?»

«ሃያ፣ እሺ በቃ፣ ሶዳ ጠጣ!»

«ሰው ቤት ገብቼ ማዕድ ሲቀርብ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሴትዮዋ ስትደክም ውላ ምን ትለኛለች? ነውር ነው። ነገ ባራዛው ላይ እንገናኛለን።»

ቅመሙን በጋዜጣ ጠቅልለንለት አዳን ሄደ። ማታ እኛ ቻፓቲ በባቄላ ስንበላ ከሊቀመንበሩ ግቢ የፒላው ሽታና የሰዎች ሳቅ በነፋስ ይመጣ ነበር። አባቴ ጉርሻውን ይዞ ንግግሩን ይለማመዳል።

በማግስቱ አዲሱ ገበያ ግቢ፣ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ በሚሸት ቦታ ተሰበሰብን። አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተነሣ። እሾሁን እንዴት እንደመነጠረ፣ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ለማን በዱቤ እንደሰጠ፣ ማንንም በሃይማኖትና በጎሳ ለይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እኔም ወደ ስዋሂሊ መለስኩ። ጭብጨባው ሊቆም አልቻለም። አንዲት እህል ሻጭ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ሊቀመንበሩም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አሳንቴ ሳና ምዜ፣ በጣም እናመሰግናለን አባት፣ ሰምተናል» አለ። አሸነፍን ብዬ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ድልድሉን በቃሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ጨርቅ ሻጮች መንገድ ዳር፣ ስልክ ሻጮች ቀጥለው፣ እህል በስተጎን። የአባቴ ስም የተጠራው መጨረሻ ላይ፣ ከኋላ፣ ከከሰል ሻጮቹ አጠገብ ነው። የምትደግፉ ሲባል ያጨበጨቡት እጆች በሙሉ ወጡ። እህል ሻጯም አወጣች። አዳን መሬት መሬት እያየ አወጣ።

«ምን አሉ?» አለኝ አባቴ።

ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳትም። መለስኩለት። ከዚያም ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ፣ «ይህ መቼ ተወሰነ?» ብዬ በስዋሂሊ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ትናንት፣ ልጄ። ኮከሱ ላይ» አሉኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ እሱን ጠልቼ ይወጣልኝ ነበር። ሁሉም ደግ ናቸው። የበለጠ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳን መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ስምህን አነሣሁ፣ ወላሂ። ምዜው የት አለ አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። ቦታውን ቢፈልገው ይመጣ ነበር አሉ። ሁሉም የራሱን ሲናገር እኔም የራሴ አለብኝ…»

«ባራዛው ዛሬ አልነበረም እንዴ?»

«ባራዛማ ያለቀውን ለመስማት ነው ጋሽ በቀለ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ!» አለና አባቴ ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በርበሬው ከከሰሉ ብናኝ ጋር አልስማማ አለ፤ ከአውቶቡስ የሚወርደውም ሰው ከኋላ ያለውን ማን ይፈልጋል? ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሱቁን ዘጋው፤ የዛሬው የእኔ ሱቅ በኋላ የተከፈተ ነው።

ከዓመታት በኋላ የዚያን ቃል ታሪክ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ቃሉን የወሰደው አልጎንኩያን ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ እነሱ ጋ መካሪ ማለት ነው አሉ። ምሁራኑም እርግጠኛ አይደሉም። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው፤ የቃሉ ባለቤቶች ራሳቸው መሬታቸው በሌሎች ሲከፋፈል ምክክሩ ላይ የተጠሩ አይመስለኝም። ለአባቴ ስነግረው፣ «መካሪ ከሆነ መጥቶ ይምከረኝ እንጂ፣ ከጓዳ ምን ይሠራል?» አለኝ። መዝገበ ቃላቱ በጊዜው አልዋሸኝም፤ ስብሰባ ነው ማለቱ ልክ ነው። የእንጀራችን ነገር እዚያ እንደሚያልቅ ግን የትኛውም ገጽ ላይ አልተጻፈም።

የባለፈው ሳምንቱ ኮከስ ላይ ሄድኩ። ባልሄድ ስለ ሱቄ ማን ይናገርልኛል? ኡራን ከሚባለው መንደር በጭነት መኪና የግመል ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች ከገበያው በር ላይ ይነሡ አይነሡ የሚል ጉዳይ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ዞር ዞር ብዬ አየሁና፣ «ሴቶቹ የታሉ?» አልኩ።

«እነሱ ነገ ባራዛው ላይ ይመጣሉ፣ ዳዳ» አለኝ ጸሐፊው፣ ፒላውን እያቀበለኝ።

ተቀበልኩት። እየተናደድኩ በላሁ።