ጭብጨባ የለካችው ጀዊሪያ

በ1979 ዓ.ም. ጉለሌ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ማሽን ሲታመም የምትጠራው ጀዊሪያ ነበረች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክን የተማረችው አዲሱ ገበያ ባለው ያባቷ ሱቅ፣ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታታች ነው። ዲፕሎማ የሌለው ምን ያውቃል የሚሉት ባለዲፕሎማዎች ማሽኑ ቀጥ ሲል ጢማቸውን ከማሻሸት በቀር ያደረጉት ነገር የለም።

ከውጭ የመጣ መጠቅለያ ማሽን በወሩ ሲቃጠል ሆዱን ከፍታ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል፣ ማሽኑን የምታዝ አንዲት ቺፕ አተረፈች። ቺፗ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሮጥ ቆጣሪ አለ። ከውጭ ምልክት ሲመጣ ቆጣሪው የደረሰበትን ቁጥር ላፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ሌላ ሲመጣም እንዲሁ። ከኋለኛው የፊተኛውን መቀነስ ነው፤ በመሃል ያለፈው ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

"በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ በሏት" አለቻቸው ሸማኔዎቹን። "ማን እንዳንኳኳ አትጠይቅም። ኳ ሲል ሰዓቱን ትጽፋለች፣ በቃ።"

በዚህች ነገር የሽመና ማሽኖቹን ፍጥነት መለካት ጀመረች። ወሬው የፋብሪካው ካድሬ ዘንድ ደረሰ። ጓድ ተክለሃይማኖት ይባላል። የጻድቁ ስም ስላሳፈረው "ጓድ ተክሌ በሉኝ" ይላል፤ ሠራተኛው ግን በሌለበት "አባታችን ይፍቱን" እያለ ይስቅበታል።

"ጓዲት ጀዊሪያ፣ ይቺ ነገር ጭብጨባ ትለካለች?"

"ድምፅ ካለው ትለካለች። ምን ሊያደርግልዎ?"

"የሽመና ክፍል ጭብጨባ ያጥራል። ያቺ አበራሽ ነች ቀድማ እያቆመች የምታበላሻቸው። ሰኞ ውይይት ክበብ ላይ ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል። በቁጥር አሳይቼ ከሥራ አስወጣታለሁ!"

አበራሽ የቀጨኔ ሰው ናት፤ አራት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። መዳፏን ክር ሰነጣጥቆታል። ያንን እጅ ያቆሰለው ሥራ አይቆጠርላትም፤ የሚቆጠረው ጭብጨባ ነው። ይሄም የሠራተኛው መንግሥት ተብሎ!

"ያቺ ቺፕ ተቃጠለች በያቸው እባክሽ" አለች አበራሽ፣ ነገሩን ስትሰማ።

"አልልም፣ እትዬ አበራሽ። ውሸት የነሱ ሥራ ነው። እሷ ያየችውን ትናገር።"

ሰኞ ዕለት ጀዊሪያ ማይክሮፎኗን በሸማኔዎቹ አግዳሚ ወንበር ፊት ተከለች። ጓድ ተክሌ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ። በተጨበጨበ ቁጥር ቺፗ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የጭብጨባ ድምፅ ጊዜ ትይዛለች፤ ጀዊሪያ ትቀንስና ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። ንግግሩ እንዳለቀ ካድሬው ወረቀቱን ከእጇ ነጥቆ፣ ሳያየው፣ ወደ መድረኩ ተመለሰ።

"የሽመና ክፍል! 'ኢምፔሪያሊዝም ይውደም' ሲባል፣ አራት ሴኮንድ!" አበራሽ ላይ አፈጠጠባት። "ስለ ምርት ዘመቻ፣ ሦስት ሴኮንድ! ይታያችኋል ጓዶች? ቀጥሎ... ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ..."

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"ሃምሳ ሁለት?" አሉ እንግዳው። "እንዲህ ነው እንጂ ሠራተኛ! ለየትኛው መፈክር ነው?"

"እ... ማለቴ... ጽሑፉ አይነበብም።"

"አንቺ አንብቢው እስቲ።"

ጀዊሪያ ተነሳች። "'ንግግሬን በዚሁ አበቃለሁ' ሲሉ፣ ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ።"

እንግዳው ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁን መደበቂያ ቢያጡ ማጨብጨብ ጀመሩ። ከበላይ አካል በፊት እጁን የሚሰበስብ ማን አለ? ሁሉም አጨበጨበ። አበራሽማ ቆማ!

እንግዳው ሲሄዱ "በሽመና ክፍል ኮርቻለሁ" ብለው ሄዱ። ከዚህ በኋላ አበራሽን ማን ይነካታል? ጓድ ተክሌ ጭብጨባ መለካት የሚከለክል ማስታወቂያ ለጠፈና ተገላገለ።

በሳምንቱ ሰኞ ንግግሩ ማብቃቱን ሳይናገር ድንገት ተቀመጠ። ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

"አለቀ እንዴ?" አለች አበራሽ በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ" አለች ጀዊሪያ። "ተነሺ፣ ሳያስታውስ እንውጣ።"