ሁለተኛው ጆይስቲክ

ጆይስቲክ ከኮምፒውተር ጋር ሲግባባ መዳፍ ውስጥ አንዴ ንዝር ይላል። ትናንት የጎረቤት ልጅ ያዥልኝ ብሎ የሰጠኝ እጄ ላይ ሲነዝር፣ ወላሂ፣ ክው አልኩ። ይኸውልሽ፣ ይቺን ንዝረት ሙሉ ከሰዓት ስጠብቃት የዋልኩበት ቀን ነበር።

መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነበርን። ወንድሜ ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አሠሪው፣ እዚያ ከፊል የሚሉት፣ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አላድስም አለና ኹሩጅ መቱበት። ወደ አገርህ ግባ ማለት ነው። አገር ይሉኛል እንዴ! ተወልዶ ያደገው እዚያው መካ ነው፤ ወሎን በስልክ ይሰማታል እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ከመግሪብ፣ ከማታው ሰላት፣ በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ጅዳ አየር ማረፊያ ሊወስደው ነው።

እኔና እሱ ዕድሜያችንን ሙሉ በአንድ ባለገመድ ጆይስቲክ በየተራ ነበር የምንጫወተው። እሱ ሲጫወት እኔ እያየሁ፣ እኔ ስጫወት እሱ እየሳቀብኝ። የዚያን ቀን ሁለተኛ፣ ባለብሉቱዝ ይዞ መጣ። «አንድ ጊዜ አብረን ሳንጫወት አልሄድም» አለኝ። ሌላ ምንም አልፈለገም። እኔም አልፈለግኩም።

ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ ስለከበደው ወንድሜ ሊኑክስ ጭኖበታል። ከአሱር ሰላት በኋላ ጀመርን። የአዲሱ ጆይስቲክ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ በራ፤ ብሉቱዙም ተገናኝቷል ይላል። ጌሙን ስንከፍት ግን ያ ባለገመዱ ብቻ ነው የሚታየው። እጄ ላይ ያለውን ዕቃ የለም ሲለኝ ደሜ ፈላ። ደጋግመን አገናኘን፣ ባትሪ ቀየርን፣ ወይ ፍንክች። ከጓዳ እናታችን የጉዞውን ካርቶን በፕላስተር ስታሽግ ጭርር ይላል። ኤሲው እርጥብ አቧራ ይሸታል፤ መስኮቱ ላይ በለጠፍነው ፎይል ጠርዝ የሚገባው ብርሃንም እየቀላ ነው።

በመጨረሻ ወንድሜ መልሱን ከስልኩ ላይ አገኘው። ብሉቱዙ ጆይስቲኩን ቢያውቀውም፣ ጌሙ እንዲያነበው በእኛ ስም ፈቃድ መስጠት ነበረብን። ትእዛዙን ጻፈ፤ ማሽኑም ተቀበለ። ጌሙን ከፈትን። አሁንም የለም። አጥፍተን እናብራው ስለው እንቢ አለ። ያ ኮምፒውተር ለመነሳት ዘመን ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም፤ ካጠፋነው መኪናው ይቀድመናል ብሎ ፈራ።

ከዚያ የመግሪብ አዛን ተሰማ። እኛ ቤት አዛን እየተባለ ስክሪን አይበራም። እናታችን ገብታ እንደ ልማዷ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለችው። ወንድሜ ለሰላት ውዱእ አድርጎ መስጊድ ወረደ። ሲመለስ ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ያላ ያላ እያለ ያጣድፋል። የእናታችንን ግንባር ሳመ። ለእኔ «ኸላስ፣ ተይው በቃ» አለኝና ካርቶኑን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ።

በንዴት መሰለኝ፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ እንደምንም ተነሳ። ጌሙን ከፍቼ የአዲሱን ጆይስቲክ ቁልፍ ስጫን መዳፌ ውስጥ ነዘረ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ቆሙ። ለካ ያ ፈቃድ የሚሠራው ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ፤ መኪናው ታጥፎ ሄዷል። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

እናታችን መጥታ ምንጣፉ ላይ፣ ወንድሜ የነበረበት ቦታ ተቀመጠች። ስክሪኑን ብዙ አየችው።

«የእሱ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ቀዩን አሳየኋት። እንዴት እንደሚሄድ ላሳያት ጆይስቲኩን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

«አትንኪው» አለች። «እዚሁ ይቁም።»