ዛፉ እስኪያጠላ

ልጅ ሳለሁ እንደ ጋሼ ሰይድ ያናደደኝ ሰው አልነበረም። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ፕሊማውዝ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ያኔ፣ እንደ ፈረንጅ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ሰፊው ጓሯችን መሃል ቢች የሚባል ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነ የጌጥ ዛፍ ተከሉ፤ ቁመቱ ከእኔ አይበልጥም ነበር። አመሻሽ ላይ አጠገቡ እሳት አንድደው ተረት ይነግሩኛል። አንዲት ልጅ ጅብ የወሰደባትን ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች፣ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ልክ የጅቡን በር ስታንኳኳ ጋሼ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው፣ «ቀሪውን ዛፉ ሲያጠላ፣ ጥላው ስር ቁጭ ብለን» ይላሉ። ኧረ በአላህ! ወንድሟ ይሙት ይዳን ሳላውቅ እንዴት ልተኛ?

ስለዚህ ዛፉ እንዲያድግ ከእሳቸው በላይ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ግን ለየሶላቱ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ይወጡና እጅ እግራቸውን ታጥበው ውዱ የሚያደርጉት እዚያው ግንዱ ስር ነው። አባቴ፣ «ጋሼ፣ የሸጠልን ሰውዬ እኮ ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል ብሏል» ቢላቸው፣ «የውዱ ውሃ በረካ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ!» አሉት።

በረዶው ሲመጣ የጎረቤት ዛፎች ቅጠላቸው ሲረግፍ የእኛው ደረቁን ቅጠል እንደያዘ ቆመ። ጋሼ፣ «አየሽ? የእኛ ጠንካራ ነው!» አሉኝ፤ አመንኳቸው። በረዶው ቀልጦ ሰፈሩ ሲለመልም ግን የእኛ ዛፍ ያንኑ ደረቅ ቅጠል እያንኮሻኮሸ ቀረ። አባቴ ልጡን በቢላ ፋቅ ቢያደርገው እርጥበት የለውም። ነቅሎ ሲያወጣው ሥሩ ሸተተ።

ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሌላ እንተክላለን።»

እንባዬ መጣ። «ኖ! ስለ ዛፉ አይ ዶንት ኬር! አሁን ይንገሩኝ፣ ወንድሟን አገኘችው?»

ጋሼ ማንቆርቆሪያቸውን መሬት አስቀመጡ። «ምን አውቄ ልጄ» አሉ። «እናቴ ስትነግረኝ ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዛፉን ያስጠበቅኩሽ እስኪያድግ ቀሪው ትዝ ይለኛል ብዬ ነው።»

ያኔ እንዴት እንደተናደድኩ! እስካሁንም አልለቀቀኝም። ዛሬ ሮዝቪል በምትባል ከተማ ስኖር፣ ልጄ «ኤንድ ዜን? ከዚያስ?» እያለ ሲነዘንዘኝ ዛፍ አላስጠብቀውም። በሩን ብርግድ አድርጌ ከፍቼ ወንድሟን አወጣላታለሁ፣ ጅቡንም አባርረዋለሁ። እሱ ደስ ብሎት ይተኛል። እኔ ግን ያቺ ልጅ ከበሩ ኋላ ምን እንዳገኘች እስከዛሬ አላውቅም።